የንግግርን ጥበብ የሚመረምር ብዕር ለማን ይመሰክራል?

ለሰው ልጅ ከተሰጡት ጸጋዎች መካከል ንግግር ከፍ ያለውን ስፍራ ይይዛል። በንግግር ሕፃን ይማራል፤ የተጣሉ ይታረቃሉ፤ የተበደለም አቤቱታውን አሰምቶ ፍትሕ ያገኛል። በዚያው በንግግር ደግሞ ንጹሕ ሰው ይወነጀላል፤ ጎረቤትም በጎረቤቱ ላይ ይነሣል። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል ይህን ኃይል በሚገባ ያስታውሰናል። የጥንት ሰዎች ንግግርን ራሱን እንደ ቻለ ጥበብ ቆጥረው ሕጉን ሲመረምሩ፣ ደንቡን ሲያስተምሩ፣ በጥቅሙና በጉዳቱም ላይ ሲከራከሩ የኖሩት ስለዚህ ነው። ግሪኮች ይህን ጥበብ «ሬቶሪኬ» ብለው ሰየሙት፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ «የንግግር ጥበብ» እያልን እንጠራዋለን።

ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎችና በዘርአ ክህነት ትምህርት ቤቶች የሚገኙ አንዳንድ ተማሪዎች በዚህ ጥበብ ታሪክና ንድፈ ሐሳብ ላይ የጥናት ጽሑፍ ያዘጋጃሉ። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የሊቃውንት ብቻ ይመስላል። በገጠር ቁምስና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕፃናትን ሰብስቦ ለሚያስተምር ካቴኪስት፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የተደረገ የግሪክና የሮማ ክርክር ምን ይፈይድለታል ያሰኛል። ነገር ግን በጥናቱ ሥራ ውስጥ ሁላችንንም የሚመለከት አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ አለ። ስለ ማሳመን ጥበብ የሚጽፍ ሰው፣ እርሱም አንባቢውን ሊያሳምን ይጽፋል። የሚጽፍባቸው ሰዎች ሞተዋል፤ ተነሥተው «እንዲህ አላልንም» ሊሉት አይችሉም። አንባቢውም አብዛኛውን ጊዜ ምንጮቹን የማየት ዕድል ስለሌለው ጸሐፊውን አምኖ ይቀበላል። እንግዲህ ራሱን መከላከል በማይችል ሙትና ማረጋገጥ በማይችል አንባቢ መካከል የቆመ ጸሐፊ ምን ዕዳ አለበት? እኛ ጥያቄውን የምስክርነት ጥያቄ አድርገን እናየዋለን። በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ስምንተኛው ትእዛዝ ባልንጀራው በሕይወት ይኑር ወይም ይሙት ብሎ አይለይምና።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቁራው ታሪክ

የንግግርን ጥበብ ታሪክ የሚያወሱ ብዙ መጻሕፍት የሚጀምሩት ከሲሲሊያ ደሴት ነው። በ5ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በሰራኩስ ከተማ የነበሩት አምባገነኖች ከሥልጣን ሲወርዱ፣ መሬታቸውን የተነጠቁ ሰዎች ርስታቸውን ለማስመለስ ወደ ፍርድ አደባባይ ጎረፉ፤ ያን ጊዜ ኮራክስ የሚባል ሰው በችሎት ፊት የመናገርን ደንብ አወጣ፤ ደቀ መዝሙሩ ቲሲያስም አስፋፋው ይባላል። ከዚሁ ጋር አንድ ጨዋታ ይተረካል። ቲሲያስ የትምህርቱን ዋጋ አልከፍልም ብሎ ተከሰሰ፤ በዳኞችም ፊት ቀርቦ፣ ባሸንፍ በፍርዱ መሠረት አልከፍልም፤ ብሸነፍም በሚገባ አላስተማርኸኝም ማለት ነውና አልከፍልም ሲል ተከራከረ። መምህሩም ያንኑ ክርክር ገልብጦ መለሰለት። ዳኞቹ በሁለቱም ተሰላችተው፣ ከክፉ ቁራ ክፉ እንቁላል ይገኛል ብለው አባረሯቸው። ኮራክስ በግሪክኛ ቁራ ማለት ነውና።

ታሪኩ ያማረ ነው፤ ፈገግም ያሰኛል። ይሁን እንጂ መርማሪው ምስክሮቹን አንድ በአንድ ሲጠይቅ ሌላ ነገር ያገኛል። ኮራክስና ቲሲያስ ጻፉት የሚባል መጽሐፍ በእጃችን የለም። ፕላቶን ቲሲያስን፣ አርስጣጣሊስ ደግሞ ኮራክስን በአጭሩ ይጠቅሷቸዋል። ስለ አምባገነኖቹ መውደቅና ስለ ርስት ክርክሩ የሚናገረውን ቃል የምናገኘው ግን በ46 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከጻፈው ከሮማዊው ከቺቸሮ ነው፤ እርሱም ከአርስጣጣሊስ ወሰድሁት ይላል። የእንቁላሉ ጨዋታማ ከዚያም ዘግይቶ የመጣ ሲሆን፣ ተመሳሳዩ ሙግት ስለ ፕሮታጎራስና ስለ ደቀ መዝሙሩም ይነገራል። ከዚህ የተነሣ በቅርቡ ዘመን የተለመደው ታሪክ እንደገና ተመርምሯል። ኤድዋርድ ሺያፓ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1990 ባወጣው ጽሑፍ «ሬቶሪኬ» የሚለው ስም ራሱ በ385 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ ከተጻፈው ከፕላቶን «ጎርጊያስ» በፊት አይታይም ሲል ተከራከረ። በዓመቱም ቶማስ ኮል የተባለው ሌላው ሊቅ «ቁራ» የቲሲያስ የቅጽል ስም ሊሆን እንደሚችል አመለከተ።

ክርክሩ እስከ መጨረሻው ተቋጨ ለማለት አይደለም። እኛ የምንወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ አንድን ነገር አሥር መጻሕፍት ቢደግሙት አሥር ምስክር ቆመለት ማለት አይደለም። አሥሩም ከአንዱ ቀድተው ከሆነ ምስክሩ አንድ ነው፤ ያም አንዱ ከሰማው ሰው የሰማ ሊሆን ይችላል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ምሳሌያችን ለጥናት ጸሐፊ የተነገረ ይመስላል። ከወንዙ ግርጌ የቀዳ ሰው ውሃው የደፈረሰው ምንጩ ላይ ይሁን ወይም መንገድ ላይ ሊያውቅ አይችልም። ያማረ ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል፤ ስለሚያስደስተን ምስክር ሳንጠይቅ እናሳልፈዋለንና።

የተሸነፉትን መስማት

ከቁራው ታሪክ የሚበልጥ ፈተና አለ። እርሱም አንዱ ወገን ብቻ የተናገረበት ክርክር ነው። በ427 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጎርጊያስ የሚባል ሰው የሀገሩ የሌዮንቲኒ መልእክተኛ ሆኖ ከሲሲሊያ ወደ አቴና መጣ፤ አቴናውያንም በአነጋገሩ ውበት እጅግ ተደነቁ። እርሱንና እርሱን የመሰሉ፣ ዋጋ እየተቀበሉ የሚያስተምሩ ተዘዋዋሪ መምህራንን «ሶፊስቶች» ይሏቸዋል። ስሙ መጀመሪያ ጥበበኛ ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ ቋንቋዎች አታላይ ተከራካሪ የሚል ትርጉም ይዞ ቀርቷል።

ይህን ፍርድ የሰጠው ማን ነው? አብዛኛውን ነገር የሰማነው ከተቃዋሚያቸው ከፕላቶን ነው። «ጎርጊያስ» በሚለው መጽሐፉ ሶቅራጥስ የንግግርን ጥበብ ከወጥ ቤት ሙያ ጋር ያነጻጽረዋል፤ ወጥ ሠሪ የሐኪምን ቦታ ይዞ፣ ለጤና የሚበጀውን ሳያውቅ ምላስን ብቻ እንደሚያስደስት፣ ተናጋሪም ጽድቅን ሳያውቅ ሕዝብን ያቆላምጣል ይላል። ምሳሌው ኃይለኛ ነው፤ አንባቢን ይማርካል። ነገር ግን እዚያ መጽሐፍ ላይ የጎርጊያስን መልስ የጻፈው ራሱ ፕላቶን መሆኑን መርሳት አይገባም። ከሳሽ የራሱን ክስና የተከሳሹን መልስ አንድ ላይ ጽፎ ቢያቀርብ የትኛው ዳኛ ይቀበለዋል?

ደግነቱ ጎርጊያስ ፈጽሞ ዝም አላለም። ሄለና የተባለችውን የጥንት ንግሥት ለመከላከል ያዘጋጀው ንግግር እስከ ዛሬ ተርፎልናል። በዚያ ውስጥ ቃል በነፍስ ላይ ያለውን ኃይል መድኃኒት በሥጋ ላይ ካለው ኃይል ጋር ያስተያያል፤ አንዳንዱ መድኃኒት በሽታን እንደሚያስወግድ፣ አንዳንዱም ሕይወትን እንደሚያጠፋ፣ ቃልም እንዲሁ ያስደስታል፣ ያስፈራል፣ በክፉ ማሳመንም ነፍስን ይመርዛል ይላል። እንግዲህ ይህ ሰው የጥበቡን አደጋ ሳያውቅ የቀረ ሰው አልነበረም። ትምህርቱ ከነቀፋ ነጻ ነው አንልም፤ ነገር ግን ሳይሰሙ መፍረድ ነቀፋ ሳይሆን በደል ነው። በሀገራችን ስለ ሞተ ሰው ክፉ ነገር ለመናገር የተገደደ ሁሉ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ ይጀምራል። ልማዱ ወቀሳን አይከለክልም፤ ወቃሹ መልስ በማይሰጥ ሰው ፊት መቆሙን እንዲያስታውስ ብቻ ያደርገዋል።

ይኸው ፍትሕ ለፕላቶንም ይገባዋል። «ጎርጊያስን» ብቻ አንብቦ ፕላቶን የንግግር ጥበብ ጠላት ነበር ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ግማሽ ምስክርነት ሰጠ ማለት ነው። ፕላቶን «ፋይድሮስ» በተባለው ሌላ መጽሐፉ እውነተኛ የንግግር ጥበብ ሊኖር እንደሚችል ያሳያል፤ እርሱም እውነትን አስቀድሞ የሚያውቅ፣ የሰሚዎቹንም ነፍስ ጠባይ ለይቶ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ቃል የሚመርጥ ነው። ደቀ መዝሙሩ አርስጣጣሊስ ደግሞ በሦስት መጻሕፍት የተከፈለውን «ሬቶሪካ» ጽፎ ለክሱ ቀጥተኛ መልስ ሰጠ። ተናጋሪ የሚያሳምነው በክርክሩ ጥንካሬ፣ በሰሚው ስሜትና በራሱ ጠባይ ታማኝነት መሆኑን ለይቶ አስረዳ። ጥበቡ ለክፉ ሊውል ይችላል ለሚሉትም፣ ይህ ከምግባር በቀር በመልካም ነገር ሁሉ ላይ፣ በጉልበት፣ በጤና፣ በሀብትና በጦር አመራርም ላይ የሚደርስ ነው ሲል መለሰ።

ክፉውንም በትክክል መረዳት

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «ለሁሉም ወገን እንዲህ ፍትሐዊ እንሁን ካልን፣ በቃላቸው ሕዝብን ያጠፉትንስ ምን ልናደርጋቸው ነው? እነርሱንም በትዕግሥት ማድመጥ ክፋትን ማለዘብ አይሆንምን?» የሚል ነው። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በ1994 በሩዋንዳ በደረሰው እልቂት ጊዜ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ በሙዚቃና በቀልድ እያዋዛ ሰው ጎረቤቱን እንዲገድል ሲቀሰቅስ ነበር። በ2003 በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ከጣቢያው ኃላፊዎች መካከል በተከሰሱት ላይ የጥፋተኝነት ፍርድ ሰጥቷል። ሩዋንዳ ብዙዎች የእኛን ቤተ ክርስቲያን እምነት የሚከተሉባት አገር ናትና ነገሩ ከሩቅ የምንሰማው ወሬ ብቻ አይደለም።

ለዚህ ተቃውሞ የተሻለውን መልስ ያገኘነው ከአሜሪካዊው ሐያሲ ከኬኔት በርክ ነው። በ1939 የሂትለርን መጽሐፍ ሲመረምር፣ መጽሐፉን ተሳድቦና አቃሎ ማለፍ ለአንባቢ የሚያስደስት ቢሆንም የማይጠቅም መሆኑን አስጠነቀቀ። የሚያስፈልገው ያ ሰው ምን ዓይነት የሐሰት መድኃኒት እንደ ቀመመ፣ የተከፋፈለን ሕዝብ በአንድ የጋራ ጠላት ስም እንዴት እንዳስተባበረ፣ የሃይማኖትንም አነጋገር እንዴት አጣምሞ እንደ ተጠቀመበት ለይቶ ማወቅ ነው፤ ይህን ያወቀ ተመሳሳዩ ቅመም በራሱ አገር ሲዘጋጅ ይለየዋል። እንግዲህ ክፉን ቃል በትክክል መጥቀስና አሠራሩን በትክክል ማስረዳት ለተናጋሪው የሚደረግ ቸርነት አይደለም፤ ለሚቀጥለው ሰለባ የሚደረግ ጥበቃ ነው። የክፉን ሰው ንግግር እያቃለለ የሚጽፍ ጸሐፊ፣ አንባቢው «እንዲህ ባለ ተራ ነገር እኔ አልታለልም» ብሎ እንዲዘናጋ ያደርገዋል።

የእኛው ሊቅ ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም ይህን ሥርዓት በሌላ መንገድ ጠብቆታል። በታላቁ የነገረ መለኮት ድርሰቱ እያንዳንዱን ጥያቄ የሚጀምረው የተቃዋሚዎቹን ክርክር በማስቀደም ነው፤ የራሱን መልስ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ በመጨረሻም ወደ እያንዳንዱ ተቃውሞ ተመልሶ ይመልሳል። ተቃዋሚው ቢያነበው «አዎን፣ ሐሳቤ ይህ ነው» ሊል እስኪችል ድረስ የሌላውን ክርክር ማቅረብ የጥናት ጽሑፍ ሁሉ ሊለካበት የሚገባ መስፈርት ይመስለናል።

መምህሩ አውጎስጢኖስ

ጥበቡን ከሁለቱም ወገን ያወቀው ቅዱስ አውጎስጢኖስ ነው። በካርታጎና በሮማ ካስተማረ በኋላ፣ በ384 የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ በነበረችው በሚላኖ የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ ተሾመ። ንጉሠ ነገሥቱን የሚያወድስ ንግግር ሊያቀርብ በተዘጋጀበት ቀን የተሰማውን ጭንቀት በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ ተርኮታል። ብዙ ሐሰት ሊናገር ነበር፤ ሐሰት መሆኑን የሚያውቁትም ሊያጨበጭቡለት ነበር። በመንገድ ላይ ጠጥቶ የሚፈነድቅ አንድ ለማኝ አየና፣ ይህ ሰው በጥቂት ሳንቲም ያገኘውን ደስታ እኛ በዚህ ሁሉ ድካም ልናገኘው አልቻልንም ብሎ ለወዳጆቹ አዘነ። በ386 የመምህርነት ሥራውን ተወ፤ በ387 በትንሣኤ ሌሊት በቅዱስ አምብሮዝዮስ እጅ ተጠመቀ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ቆርጦ የሚያቆም ጸሐፊ፣ «አውጎስጢኖስ የንግግርን ጥበብ እንደ ውሸት ሙያ ቆጥሮ ጣለው» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ማስረጃም አያጣም፤ በራሱ ቃል ነቅፎታልና። ነገር ግን ጳጳስ ከሆነ በኋላ በ397 ገደማ ስለ ክርስትና ትምህርት የሚናገር መጽሐፍ ጀመረ፤ በሦስተኛው ክፍል ላይም አቋርጦት ሠላሳ ዓመት ያህል ቆየ። በ426 እና በ427 በሕይወቱ የጻፋቸውን ሁሉ ሲመረምር ሥራው ያልተፈጸመ መሆኑን አይቶ ጨረሰው፤ ስለ ንግግር ጥበብ የሚያስተምረውን አራተኛውን ክፍልም ያን ጊዜ ጨመረ። በዚያም፣ ጥበቡ ለእውነትም ለሐሰትም የሚያገለግል ከሆነ ሐሰተኞች ታጥቀውት የእውነት ጠበቆች ባዶ እጃቸውን የሚቆሙት ስለምን ነው ሲል ይጠይቃል። ተናጋሪ ሊያስተምር፣ ሊያስደስትና ልብን ሊያነሣሣ ይገባዋል የሚለውን የቺቸሮን ትምህርት ሲጠቅስም፣ ሐሳቡን ከአንድ አንደበተ ርቱዕ ሰው የተቀበለው መሆኑን ሳይደብቅ ይናገራል። ከአረማዊ የተገኘ እውነት እውነት መሆኑን አልካደም፤ የሌላውንም የራሱ አላስመሰለም።

በዚሁ ክፍል ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥብን አንድ ምስክርነት አለ። በሞሪታንያ ቂሣርያ፣ ማለትም ዛሬ አልጄርያ በምንላት አገር በምትገኝ ከተማ፣ ዜጎች በየዓመቱ በሁለት ወገን ተከፍለው፣ ወንድም ከወንድሙ፣ አባትም ከልጁ ጋር ሳይቀር፣ በድንጋይ የሚወጋገሩበትና የሚገዳደሉበት የቆየ ልማድ ነበር። አውጎስጢኖስ ልማዱን እንዲተዉ ተናገራቸው። ሲያጨበጭቡለት ምንም ነገር እንዳከናወነ አልቆጠረም፤ ንግግሩ እንደ ገባቸውና እንዳስደሰታቸው ብቻ ተረዳ። ልባቸው እንደ ተመለሰ ያወቀው ሲያለቅሱ ባየ ጊዜ ነው። ይህን ሲጽፍ ስምንት ዓመትና ከዚያም በላይ አልፎ ነበር፤ በዚያም ጊዜ ሁሉ ልማዱ አልተመለሰም።

ስለ አውጎስጢኖስ የሚጽፍ ሰው እንግዲህ ሚላኖንም ቂሣርያንም መያዝ አለበት። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው፣ የተጠቀሰው ቃል ሁሉ ትክክል ቢሆንም እንኳ፣ በእውነት ቁርጥራጭ ሐሰትን መገንባት ነው። የጥናት ጸሐፊዎች በብዙ የሚፈተኑት በዚህ ነው፤ የውሸት ጥቅስ ፈጥሮ የሚጽፍ ጥቂት ነው፤ የሚመቸውን መርጦ የማይመቸውን የሚተው ግን ብዙ ነው።

በሀገራችን ሚዛን

የንግግር ጥበብ የግሪኮችና የሮማውያን ብቻ አይደለም። በሀገራችን «በላ ልበልሃ» በሚባለው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው፣ በግጥምና በምሳሌ እየታገዙ፣ በማር ወይም በፈረስ እየተወራረዱ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚባለውም የሙግትን ጣዕም ከሚያውቅ ሕዝብ የወጣ ነው። ይህ ሀብት ብዙ ተመራማሪ ይሻል። አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ጆርጅ ኬኔዲ በ1998 የተለያዩ ሕዝቦችን የንግግር ጥበብ እያነጻጸረ መጽሐፍ ካወጣ ወዲህ፣ አንዱን ባህል በሌላው መለኪያ የመለካት ጥያቄ ይበልጥ መነጋገሪያ ሆኗል።

ጥያቄው ለእኛ በቅኔ ላይ ጎልቶ ይታያል። አርስጣጣሊስ የመልካም አነጋገር ዋና ባሕርይ ግልጽነት ነው ይላል። የቅኔ መምህሮቻችን ግን ወርቁን በሰም ሸፍኖ፣ ሰሚው ቆፍሮ እንዲያገኘው ማድረግን ያደንቃሉ። አርስጣጣሊስን በእጁ ይዞ የጎጃምን ቅኔ የሚመዝን ተማሪ «ግልጽነት ይጎድለዋል» ብሎ ቢጽፍ፣ በሰፈር ቁና የማይሰፈረውን ሰፈረ ማለት ነው። አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ባለቅኔዎቹ ራሳቸው ምንን ውብ፣ ምንንስ ስሕተት ይሉ እንደ ነበረ ነው። ከአዛውንቶች አንደበት የሚሰበሰብ ነገር ሲሆን ደግሞ ዕዳው ይከብዳል። የነገሩት ቃል የእነርሱ ነው፤ ለምን እንደሚፈለግ ሊነገራቸው፣ ፈቃዳቸው ሊጠየቅ፣ የቃሉም ባለቤትነት ሊጠበቅላቸው ይገባል። ያልተማረ ገበሬ የተናገረውን ወስዶ የራስ ግኝት አስመስሎ ማቅረብ፣ ከፕሮፌሰር መጽሐፍ ከመስረቅ በምንም አያንስም።

ለጸሐፊው የሚሆን ምክር

ካልነው ሁሉ በሥራ ላይ የሚውሉ ጥቂት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ጥያቄው ጠባብ ይሁን። «የንግግር ጥበብ ታሪክ» በሚል ርእስ የሚጽፍ ተማሪ ሌሎች የደገሙትን ከመድገም አያመልጥም፤ «አውጎስጢኖስ ስለ ማስደሰት ምን አስተማረ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አንድ መጽሐፍ ከፍቶ በዓይኑ ሊያይ ይችላል። ሁለተኛ፣ ስለ መጽሐፉ ከተጻፈው በፊት መጽሐፉን ያንብብ፤ በትርጉም ካነበበም በትርጉም ማንበቡን ይግለጥ። ሦስተኛ፣ የተረጋገጠውን፣ የሚመስለውንና የሚባለውን ለይቶ ይጻፍ፤ «ይባላል» የምትለው አንዲት ቃል በቦታዋ ከገባች ትልቅ ሐቀኝነት ናት። አራተኛ፣ ከሐሳቡ ጋር የሚጣላውን ማስረጃ በግርጌ ሳይሆን በመካከል ያስቀምጠው።

በቅርብ ዓመታት ጽሑፍ የሚያቀናብሩ የኮምፒውተር መሣሪያዎች በተማሪዎች ዘንድ ተስፋፍተዋል። መሣሪያዎቹ የሚጠቅሙበት ቦታ አላቸው። ሆኖም ያልተጻፈ መጽሐፍ እንደ ተጻፈ፣ ያልተነገረ ቃልም እንደ ተነገረ አስመስለው አሳክተው ሲያቀርቡ በተደጋጋሚ ታይቷል። ይህ ፕላቶን የፈራው ነገር ነው፤ ሳያውቅ የሚያውቅ የሚመስል ቃል። ምስክር «ከየት አገኘኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ ሰው ነው፤ ስሙን በጽሑፉ ላይ ያኖረ ተማሪም ለእያንዳንዱ መስመር ሊጠየቅ ይገባዋል።

አንዳንዱ፣ «እንዲህ የተጠነቀቀ ጽሑፍ ውበት አይኖረውም፤ ማንስ ያነበዋል?» ይል ይሆናል። ጥንቃቄና ውበት ግን ጠላቶች አይደሉም። በ1ኛው መቶ ዓመት የኖረው ኩዊንቲሊያኖስ በአሥራ ሁለት መጻሕፍቱ ፍጹም ተናጋሪ ሊሆን የሚችለው መልካም ሰው ብቻ ነው ብሎ አስተማረ። ሥራው በመካከለኛው ዘመን በምዕራብ በአብዛኛው ጎድሎ ሲነበብ ቆይቶ፣ በ1416 የጳጳሳዊ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የነበረው ፖጆ ብራቾሊኒ በቅዱስ ጋሎ ገዳም ሙሉውን ቅጂ አገኘ። ገዳማውያን ያን መጽሐፍ ገልብጠው ባያቆዩት ኖሮ፣ ፖጆም ሥር ድረስ ባይፈልገው ኖሮ፣ ስለዚህ ሰው ያለን እውቀት እስከ ዛሬ ጎደሎ በሆነ ነበር። ታማኝ ጸሐፊም የእነዚያ ገልባጮች ወገን ነው፤ የተቀበለውን ሳያጎድል ያስተላልፋል።

ለካቴኪስቶቻችን

በመጨረሻ ወደ ካቴኪስቱ እንመለስ። በ400 ገደማ ዴዎግራጽያስ የሚባል የካርታጎ ዲያቆን፣ አዲስ መጪዎችን ሲያስተምር ንግግሩ ለራሱ እንኳ እየሰለቸው መቸገሩን ለአውጎስጢኖስ አመለከተ። የቀድሞው የንግግር መምህር በመልሱ፣ የራሱም ንግግር ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ሁኔታ እንደማያረካው ገለጠለት፤ ሰሚዎች ግን ተናጋሪው ራሱን እንደሚንቀው አይንቁትምና በደስታና በፍቅር እንዲያስተምር አበረታታው። ስለዚህ የንግግር ጥበብ ጥናት ከሊቃውንት ጠረጴዛ እስከ ገጠር ጸሎት ቤት የሚደርስ ነገር ነው።

ዕዳውም አብሮ ይደርሳል። ካቴኪስት በሕፃናት ፊት ቆሞ ስለ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ምእመናን፣ ስለ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን፣ ወይም በቀደሙት ዘመናት ተሳስተዋል ስለ ተባሉ ሰዎች በሚናገርበት ሰዓት እነዚያ ሰዎች በክፍሉ ውስጥ የሉም። ሕፃናቱም የሰሙትን የሚያረጋግጡበት መንገድ የላቸውም። ካቴኪስቱ በዚያች ሰዓት ጎርጊያስን እንደሚጽፍ ተማሪ ሆነ ማለት ነው። የጎረቤቱን እምነት ጎረቤቱ «አዎን፣ የምናምነው ይህን ነው» በሚልበት መልክ ካስረዳ በኋላ የራሱን ቢያስተምር፣ እምነቱ አይደክምም፤ ሕፃናቱም አድገው ከጎረቤቱ ልጅ ጋር በተነጋገሩ ቀን መምህራቸው እንዳልዋሻቸው ያውቃሉ።

ስለሆነም በትምህርት ላይ ያላችሁ ልጆቻችን የጥናት ጽሑፋችሁን ስታዘጋጁ፣ እናንተም ካቴኪስቶች የሳምንቱን ትምህርት ስትሰናዱ፣ ብዕር ከማንሣታችሁና አፍ ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችሁን እንድትጠይቁ አደራ እንላለን፦ ስለ እርሱ የምናገርለት ሰው አሁን በበሩ ቢገባ፣ ቃሌን ሳልለውጥ ልቀጥል እችላለሁን?